እንባ የእምነት ጉድለት ነውን?

የሰው ልጅ ከእናቱ ማኅፀን በወጣ ጊዜ የመጀመሪያው ድምፁ ልቅሶ ነው፤ ከዚህ ዓለም በተለየም ጊዜ የሚሸኘው በልቅሶ ነው። በነዚህ በሁለቱ ልቅሶዎች መካከል ያለው ዕድሜ ረዥምም ቢሆን አጭርም ቢሆን፥ ከባለጸጋውም ከድኻውም፥ ከተማረውም ካልተማረውም ኀዘን ሳያገኘው የሚያልፍ የለም። ስለዚህ ኀዘን ይመጣልን ወይስ አይመጣም ብሎ መጠየቅ የብልህ ጥያቄ አይደለም፤ የብልህ ጥያቄ፥ በመጣ ጊዜ ሰው ምን ይዞ ይቆመዋል? የሚለው ነው።

በዚህ ነገር በሰዎች ዘንድ ሁለት አሳብ ይሰማል። አንደኛው፥ «እውነተኛ ክርስቲያን አያዝንም፤ ቢያዝንም አያለቅስም፤ እንባው የእምነቱን ማነስ ያስታውቅበታል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ «አማኙም እንደማያምነው ያለቅሳል፤ እንዲህ ከሆነ ሃይማኖት በመከራ ቀን ምን ረባው?» የሚል ነው። የፊተኛው በአንዳንድ አጽናኝ አፍ፥ የኋለኛው በአንዳንድ ፈላስፋ አፍ ይነገራል። ሁለቱ አሳቦች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የበቀሉበት ሥር አንድ ነው። ሁለቱም ሃይማኖትን ሕማም እንዳይሰማ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አድርገው ቈጥረውታል። የፊተኛው፥ መድኃኒቱ ካልሠራ በሽተኛው በሚገባ አልጠጣውም ይላል፤ የኋለኛው፥ ካልሠራ መጀመሪያውኑ መድኃኒት አልነበረም ይላል። እንግዲህ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ሃይማኖት በእውነት እንዲህ ያለ ተስፋ ሰጥቶ ያውቃልን? የሚለው ነው።

ለዚህ ምርመራ ከቢታንያው መቃብር የበለጠ ምስክር አይገኝም። አልዓዛር ታሞ ሳለ ማርታና ማርያም ወደ ጌታችን ልከው ነበር፤ እርሱ ግን በነበረበት ስፍራ ሁለት ቀን ቆየ፤ በደረሰም ጊዜ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ጌታችን ሊያስነሣው እንደ መጣ ያውቃል፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙቱ ከመቃብር እንደሚወጣ እያወቀ፥ የእኅቲቱን እንባ ባየ ጊዜ እርሱም አለቀሰ። እንግዲህ እንባ የሚመጣው ትንሣኤን ካለማወቅ ቢሆን ኖሮ፥ ትንሣኤ የሆነው እርሱ ባላለቀሰ ነበር። እንባው ተስፋ ከመቍረጥ አልመጣም፤ ከፍቅር መጣ እንጂ። ሁለቱም እኅትማማች በተራ በተራ፥ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ ነበር የሚል ወቀሳ የሚመስል ቃል ተናገሩት፤ እርሱ ግን ማርታንም ማርያምንም አልገሠጸም። ኀዘንተኛ የሚናገረውን ቃል በችሎት እንደሚሰጥ ቃል እየቈጠሩ የሚይዙ ሰዎች ይህን ሊያስተውሉት ይገባል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ስላንቀላፉት በጻፈ ጊዜ ኀዘንን ፈጽሞ አልከለከለም፤ የከለከለው ተስፋ የሌላቸው ሰዎች የሚያዝኑትን ዓይነት ኀዘን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ተስፋ ያለው ኀዘን እንደ ክረምት ነው፤ ሰማዩ ይጠቍራል፥ ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ይዘጋል፤ ገበሬው ግን መስከረም እንደሚጠባ ስለሚያውቅ ዘሩን ከጭቃው ውስጥ ይጥላል። ተስፋ የሌለው ኀዘን ግን ዘር የማይጣልበት ጨለማ ነው። ዝናቡ ለሁለቱም ያው ዝናብ ነው፤ የተለየው በዝናቡ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው ከእርሱ ጋራ እንዲተጉ ለመነ እንጂ ኀዘኑን ከነርሱ አልሸሸገም።

በኢትዮጵያ ልጅ ፊደል ቈጥሮ ንባቡን የሚያበቃው በዳዊት ነው። አባቶች ይህን ሥርዓት ሲሠሩ ያደረጉት ነገር እጅግ ጥልቅ ነው። ከ150ው መዝሙራት ብዙዎቹ የምስጋና ብቻ አይደሉም፤ የጭንቀት፥ የሕመም፥ የመከዳት፥ እስከ መቼ ነው? እያሉ የመጠየቅም ናቸው። እንዲያውም 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ሆኖ፥ ምንም ማጽናኛ ሳይጨመርበት ይፈጸማል። ልጁ ኀዘን ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ገና በሰባትና በስምንት ዓመቱ የኀዘንን ቋንቋ ይማራል፤ አድጎ ኀዘን ባገኘው ጊዜ ቃሉን ከአፉ ያገኘዋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን የሙሾ ያህል የመረረ ጩኸት ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም፤ በየዕለቱ እንዲደገም አደረገችው እንጂ። ከዚህም አንድ ነገር ይታወቃል፤ ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ሰው ምንም ቢመረው ገና ከእግዚአብሔር ጋራ ይነጋገራል። ማጕረምረም የሚባለው ፊትን አዙሮ ስለ እርሱ መናገር ነው፤ ፊትን ወደ እርሱ መልሶ መጮኽ ግን ጸሎት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፥ ለምን? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የኢዮብን ያህል የጠየቀው የለም፤ የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ያህልም ፈጥኖ የመለሰ የለም። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ሁሉ ያማረ ነበር፤ ከሩቅ አገር መጡ፥ ልብሳቸውን ቀደዱ፥ ከእርሱም ጋራ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሕማሙ እጅግ እንደ በረታ አይተዋልና ከነርሱ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ሥራቸው የተበላሸው አፋቸውን ከከፈቱ ወዲህ ነው። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፤ ኢዮብ መከራ አገኘው፤ ስለዚህ ኢዮብ በድሏል ብለው ደመደሙ። የነገሩ ፍጻሜ ግን ለአጽናኞች ሁሉ የሚያስፈራ ነው። እግዚአብሔር የተቈጣው ለምን? እያለ በጮኸው በኢዮብ ላይ አልነበረም፤ ስለ እርሱ ተሟገትን ባሉት በወዳጆቹ ላይ ነበር እንጂ። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ እንዲያቀርቡ፥ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። እግዚአብሔር በሐሰት እንዲሟገቱለት አይሻም።

ለኢዮብ ራሱስ ምን ተመለሰለት? በሰማይ ሰይጣን ስለ እርሱ የተናገረውን አንባቢ ያውቃል፤ ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እግዚአብሔር ስለ ምድር መሠረት፥ ስለ ባሕር ደጆች፥ ስለ ከዋክብት፥ ስለ አራዊት ነገረው እንጂ የመከራውን ምክንያት አልገለጸለትም። ሆኖም ኢዮብ ዝም አለ፤ ቀድሞ በጆሮው የሰማውን አሁን በዐይኑ እንዳየው መሰከረ። የተጽናናው መልስ ስላገኘ አይደለም፤ የሚመልሰውን ስላገኘ ነው። ሀብቱ በእጥፍ ተመለሰለት፥ ዐሥር ልጆችም ተወለዱለት፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ዐሥሩ ከመቃብር አልተመለሱም። ልጅ እንደ በሬ በልጅ አይተካምና መጽሐፉን የኪሳራ ካሣ ታሪክ አድርጎ የሚያነበው ሰው አላስተዋለውም።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን በትርጓሜያቸው የደዌን ምክንያት አንድ ብቻ አላደረጉትም። ደዌ ዘኃጢአት አለ፥ ደዌ ዘንጽሕ አለ፥ ደዌ ዘእሴት አለ፥ ደዌ ዘመቅሠፍት አለ ብለው ይለያሉ። መጻጕዕ ዳግመኛ እንዳይበድል ተነግሮታል፤ ኢዮብ ግን ለዋጋ ታመመ። ይህ አከፋፈል የተሠራው አጽናኙ በየቤቱ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፥ ያንተ ይህ ነው፥ ያንቺ ያ ነው እያለ እንዲያድል አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን እንደሚችል ዐውቆ ከመፍረድ እንዲታቀብ ነው። በቅኔ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ጀማሪ ተማሪ ሰሙን ገና ሳያጠና ወደ ወርቁ ይሮጣል፤ በመጨረሻም ባለቅኔው ያላሰበውን ወርቅ ከራሱ ፈጥሮ ያወጣል፤ መምህሩም ይስቅበታል። የሌላውን ሰው መከራ ወርቁ ይህ ነው ብሎ ለመፍታት የሚቸኵል ሰው ከዚህ ተማሪ በምን ይሻላል? ሰሙን፥ ማለት ሕማሙን፥ ገና አልቀመሰውም፤ ቅኔውን የተቀኘውም እርሱ አይደለም።

ይህ የትምህርት ክርክር ብቻ እንዳይመስል የሚከተለውን ማሰብ ይበቃል። አንዲት እናት አንድ ልጇን ቀበረች እንበል። አንዱ ይመጣና፥ «ከእግዚአብሔር አብልጠሽ ወደድሽው፥ ስለዚህ ወሰደብሽ» ይላታል። ሌላው ይመጣና፥ «ነገ ክፉ ሰው እንዳይሆን ዛሬ ሰበሰበው» ይላታል። ሁለቱም በጎ ያደረጉ መስሏቸው ይሄዳሉ። ሴቲቱ ግን ሌሊት ብቻዋን ስትቀር የመጀመሪያው ቃል ፍቅሯን ኃጢአት፥ ሁለተኛው ቃል ልጇን ወንጀለኛ አድርጎባት ታገኘዋለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ብታቆም የሸሸችው ከእግዚአብሔር ነውን? ወይስ ሁለቱ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ካቆሙላት ምስል? በዚህ ነገር የሚጠፋው የአንድ ቀን ጨዋነት አይደለም፤ ነፍስ ናት።

ፈላስፋው ግን ገና አልረካም። «ሃይማኖት ምክንያቱን ካልነገረ፥ ሕማሙንም ካላስቀረ፥ ሰው ራሱን የሚያባብልበት ነገር ነው፤ አንድ ነገር ደስ ስላሰኘ ብቻ እውነት አይሆንም» ይላል። የመጨረሻው ቃሉ ትክክል ነው፤ ደስ ማሰኘት የእውነት ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀው ፈላስፋው አይደለም። በኢዮብ መጽሐፍ መጀመሪያ ከሳሹ ያቀረበው ክስ ይኸው ነበር፤ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው ስለሚጠቀም ነው፥ ጥቅሙ ቢቀር ይተወዋል ብሎ ነበር። የመጽሐፉም ሙግት በሙሉ ለዚህ ክስ መልስ ነው። ኢዮብ መጽናኛ ባጣባቸው ቀናት ሁሉ፥ ሚስቱም ወዳጆቹም በተለዩት ጊዜ፥ ጩኸቱን ወደ ሌላ አላዞረም። ስለ ምቾት ብቻ የሚያምን ሰው ምቾቱ ሲጐድል ይሄዳል፤ ምቾቱ ጐድሎ የቆየው ሰው ግን ቀድሞም ስለ ምቾት እንዳላመነ ያስታውቃል። እንግዲህ መጽናናት የሃይማኖት ፍሬ ነው እንጂ የሃይማኖት ምክንያት አይደለም፤ ፍሬም በየወሩ አይለቀምም።

ፍሬው ምንድን ነው? ቢሉ፥ ሦስት ነገር ይገኝበታል። አንደኛ፥ ሞት የመጨረሻ ቃል እንዳይሆን የሚያደርግ የትንሣኤ ተስፋ ነው። ሁለተኛ፥ ሥጋ የለበሰው አምላክ ረኃብን፥ መከዳትን፥ ግርፋትን፥ ሞትን ስለ ቀመሰ፥ መከራ የተቀበለ ሰው እግዚአብሔር ወዳልደረሰበት ስፍራ ብቻዬን ወረድሁ ሊል አይችልም። ሦስተኛ፥ ሕማም ራሱ በጎ ባይሆንም፥ በሕማም ውስጥ የሚሠራ በጎ ሥራ አለ፤ ያዘነ ሰው ያዘነውን ያጽናናልና።

ለዚህ ለሦስተኛው የዮሐንስ አፈ ወርቅ ታሪክ ይበቃል። ይህ አባት በ398 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ፤ በ404 ደግሞ በንጉሡ በአርቃድዮስ ትእዛዝ ተሰዶ ኩኩሶስ ወደምትባል በአርመንያ ተራሮች ወዳለች ትንሽ ከተማ ተወሰደ። ከዚያ ሆኖ በቍስጥንጥንያ ታገለግል ለነበረችው፥ ስለ እርሱም ስደት ብዙ መከራ ለተቀበለችው ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ጽፎ የላካቸው 17 መልእክታት ዛሬም ይነበባሉ። በነርሱም ውስጥ የልብ ኀዘን ከግርፋትና ከስደት ይልቅ እንደሚከብድ አይክድም፤ ቀላል ነው ብሎ አያባብላትም። የራሱንም ሁኔታ አይሸሽግም፤ በክረምቱ ብርድ ሆዱ እንደ ታመመ፥ እንቅልፍ እንዳጣ፥ በጢስ በተሞላ ቤት ተዘግቶ እንደ ከረመ ይነግራታል። ሐኪም እንድትጠይቅ፥ መድኃኒትም እንድትወስድ ይመክራታል፤ ጸሎት ሐኪምን የሚያስቀር የሚመስለው ሰው ይህን ያንብብ። በ407 ወደ ባሰ ሩቅ ስፍራ እየተወሰደ ሳለ ኮማና በምትባል ስፍራ በመንገድ ዐረፈ፤ መጨረሻ የተናገረውም ምስጋና እንደ ነበረ ይነገራል። ሥጋው በክብር ወደ ቍስጥንጥንያ የተመለሰው በ438 ነው፤ እርሱ ግን ይህን ሳያይ ነው ያጽናናው። እንግዲህ አጽናኝ ማለት ከመከራ ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚጣራ ማለት አይደለም።

በአገር ልማድም ይህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ አለ። ለቅሶ ደራሽ ወደ ቤት ሲገባ ንግግር አያበዛም፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብሎ ይቀመጣል። ጎረቤት እዝን ያመጣል፥ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፥ ውኃ ይቀዳል፥ መቃብር ይቈፈራል። ማንም ለምን ሞተ? ለሚለው መልስ ይዞ አልመጣም፤ ሁሉም ግን መጥቷል። የዚህ ጥቅም የታወቀው በተከለከለ ጊዜ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ፥ ታማሚው በዝቶ አስታማሚ፥ ሟቹ በዝቶ ቀባሪ ጠፋ፤ ብዙዎችም ለቅሶ ሳይደረስላቸው ተቀበሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኮሮና በሽታ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ በታገደ ጊዜ፥ ስንቱ ቤተሰብ በባዶ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ለኀዘንተኛው ማብራሪያ አልጐደለበትም፤ ቃል በስልክም ይደርሰው ነበር። የጐደለበት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። ከዚህ የሚታወቀው፥ የሰው መጽናኛ ከቃሉ ይልቅ በመምጣቱ እንደ ሆነ ነው፤ የእግዚአብሔርም መጽናኛ ቃል ከመላክ አልፎ ሥጋ ለብሶ መምጣት እንደ ነበረ ክርስቲያን ያምናል።

ቤተ ክርስቲያንም በሣልስት፥ በሰባት፥ በዐሥራ ሁለት፥ በሠላሳ፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ሟቹን እንድታስብ ሥርዓት ሠርታለች። ይህ ለሟቹ ጸሎት ሲሆን ለቀረውም ምሕረት ነው። ኀዘን በአንድ ቀን እንደማያልቅ ታውቃለችና በሦስት ቀን ጨርስ አላለችውም፤ ያለ ወሰንም እንዳይሰምጥ ቀን ቈጥራ ትጠራዋለች። ነገር ግን ተዝካሩ የድግስ ውድድር ሲሆን፥ ባልቴቲቱ የባሏን በሬ ሸጣ፥ ወይም ተበድራ ጎረቤት ስታበላ፥ መድኃኒቱ ራሱ ቍስል ይሆናል። ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎቱና ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ የልጆቿን እንጀራ ቀምቶ የሚጠቅም ተዝካር የለም። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም፥ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰ ጊዜ፥ ከአርባው ቀን ወዲህ ደጁን የሚያንኳኳ አንድ ወዳጅ ከብዙ ድግስ ይበልጣል።

ስለዚህ እንባ የእምነት ጉድለት ነውን? ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፥ እንባ የፍቅር ምስክር ነው፤ ያልወደደ ሰው አያለቅስም። የእምነት ጉድለት የሚባለው እንባው ሳይሆን፥ እንባውን ማንም አያየውም ብሎ መደምደም ነው። የንስሐ አባት ወደ ኀዘንተኛ ልጁ ቤት ሲሄድ ይህን ይዞ ይሂድ። አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ያልተጠየቀውን አይመልስ፤ ለምን? ብሎ ቢጠየቅም፥ የማያውቀውን አላውቅም ለማለት አይፈር። ዳዊቱን ይድገምለት፥ በቅዳሴው ስሙን ያስብለት፥ ቢታመምም ወደ ሐኪም ያድርሰው። የትንሣኤንም ተስፋ ሲነግረው እንባውን ለመዝጋት ሳይሆን፥ እያለቀሰ የሚሄድበትን መንገድ ለማሳየት ይንገረው። እንባን ሁሉ ከዐይን የሚያብሰው እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነ በራእየ ዮሐንስ ተጽፏል፤ የሚታበስ እንባ ደግሞ አስቀድሞ የፈሰሰ እንባ ነው።